በስምንት ሰዓት የተጀመረው ኮንሰርት

"ስምንት ሰዓት ማለት ስምንት ሰዓት ነው" ያልኳቸው እኔ ነኝ። በስልክ ሦስት ጊዜ፣ በጽሑፍ አንድ ጊዜ። የባንዱ መሪ፣ ሁልጊዜ አሁን ከእንቅልፉ የነቃ የሚመስል ድምፅ ያለው የአዲስ አበባ ልጅ፣ "እትዬ፣ ክፍለ ሀገር ፕሮግራም ይዘገያል ይባላል፤ ዘጠኝ ተኩል ብንባባል አይሻልም?" ብሎኝ ነበር። "ክፍለ ሀገር" የሚለው ቃል ቆረቆረኝ። "ወረቀቱ ላይ ስምንት ነው የሚለው፤ እኛ የጻፍነውን እናከብራለን" አልኩት። ውሸቴን ነበር። አምቦ ውስጥ ወረቀት ላይ በተጻፈው ሰዓት የሚጀመር ነገር ቢኖር ፈተና ብቻ ነው፤ እሱም ፈታኙ ከመጣ።

በሰዓት ላይ ግትር የሆንኩት ዘግይቼ ስለተማርኩ ይመስለኛል። ወላጆቼ ከሦስተኛ ክፍል ያስወጡኝ ታናናሾቼን እንድይዝ ነው። ያዝኳቸው። አራቱም ተማሩ፣ ሥራ ያዙ፣ አንዱ እጃጂ ከተማ ሱቅ ከፈተ፣ አንዷ ነቀምት አገባች፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ከአራቱ አንዳቸውም "አንቺስ?" ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ደብተር መልሼ የያዝኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ በማታው ክፍል። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ አምስት ሞልቶኝ ነበር፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች "አክስቴ፣ ቁጥር ሰባትን እስቲ" እያሉ ይኮርጁኝ ነበር። ዲግሪዬን በኤክስቴንሽን ያገኘሁት አርባን ተሻግሬ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው ነጥብ ሲዛነፍ ያመዋል። እዚሁ አምቦ ባለ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ስቀጠር መጽሐፍ ያለቦታው የሚመልስ ሰው ሳይ ተነሥቼ ሳላስተካክለው አልቀመጥም ነበር፤ አሁንም አልቀመጥም። መምህራኑ "አዴ ላይብረሪ" ይሉኛል። አዴ ያው በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ላይብረሪውን ያስከተሉት ስሜን ለመጠየቅ የሰነፉት ናቸው።

ባንዱን ያወቅሁት ከጠፋ ዕቃ ነው። ከተማው በተረበሸባቸው ዓመታት፣ ግቢው በአንድ ቀን ባዶ ሲሆን፣ አንድ ተማሪ ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ እንደሰካ ትቶት ሄደ። የጠፋ ዕቃ መመዝገብ ሥራዬ ስለሆነ ባለቤቱን ለማወቅ ከፈትኩት። ሰነድ የለው፣ ስም የለው፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር የተሰጣቸው የሙዚቃ ፋይሎች ብቻ። ምናልባት መሐል ላይ የሆነ ስም ይጠሩ ይሆናል ብዬ፣ ለምሳ በሩን ቆልፌ የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ።

መጀመሪያው ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልነበረም፤ ቆርቆሮ ላይ የሚሄድ ነፋስ የመሰለ ነገር ብቻ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ልዘጋው ስል አንድ የጊታር ድምፅ መጣ። አንድ ብቻ። መጣና አልሄደም፤ ሌላው እስኪደርስለት ቆሞ ጠበቀው። አንድ ጊዜ ከማታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር ሐሮ ወንጪ ሄደን አፋፉ ላይ ቆመን ነበር። ታች ሐይቁ ላይ ጀልባ ቀዛፊው እጁን አንሥቶ ሲጣራ አየነው፤ ድምፁ የደረሰን ግን እጁን ካወረደ በኋላ ነው። ሙዚቃው እንደዚያ ነበር። ዘግይቶ መድረስ የሚያምርበት ጊዜ እንዳለ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነገረኝም።

የፍላሹ ባለቤት አልተመለሰም። ሁለት ዓመት ያህል ምሳ ሰዓቴን ከዘጠኙ ፋይሎች ጋር አሳለፍኩ። ለማንም አላሰማሁም። የምወደውን ነገር ሰው ፊት ማውጣት አልለመድኩም፤ ቤታችን ውስጥ "ወደድኩ" ያለ ልጅ የወደደውን ለታናሹ ይሰጥ ነበርና። ከዚያ አንድ ቀን የማዳመጫው ገመድ ተነቅሎ ድምፁ ሲያመልጥብኝ፣ መጽሐፍ ልትመልስ የቆመች የአዲስ አበባ ተማሪ "እንዴ እትዬ፣ እነዚህን ያውቋቸዋል!" ብላ ጮኸች። የባንዱን ስም የሰማሁት ከእሷ ነው። አርባ ሃምሳ ሰው በሚይዙ አዳራሾች ብቻ እንደሚጫወቱና ከአዲስ አበባ ወጥተው እንደማያውቁም ነገረችኝ።

ሰው ተሰብስቦ መዋል እንደገና እንደ ልብ በተቻለበት ዓመት ኮሌጁ ዓመታዊ ቀኑን በሙዚቃ ሊያከብር ወሰነ። የዝግጅት ኮሚቴው አምስት ወንዶችና እኔ ነን። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የሌላውን ንግግር ስጽፍ እንጂ ስናገር የሰማኝ አልነበረም። ሰብሳቢው የእንስሳት ሳይንስ መምህር ነው፤ ሰፊ ሰው፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ክፍል የሚገባ። "እንግዲህ እንደ ዓምናው የሆቴሉን ባንድ እንጥራና እንገላገል" ሲል ብዕሬን አስቀመጥኩና "እኔ ሐሳብ አለኝ" አልኩ።

አምስቱም ዞሩ።

"ሌላ ባንድ አለ፣ ከአዲስ አበባ። ሮክ ነው የሚጫወቱት። ዝግ ያለ ሮክ።"

"ኩን ማሊ? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ የስፖርት መምህሩ። "ዝግ ያለ ሮክ! ዝግ ያለ መቶ ሜትር እንደማለት ነው?"

"ይጨፈርበታል?" አለ ሰብሳቢው።

"አይጨፈርበትም። ይደመጣል።"

"ሲርባ ተብሎ፣ ዘፈን ተብሎ፣ የማይጨፈርበት የት ታየ?" ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሳቀ። "ግን እስቲ ተዉ። አዴ ላይብረሪ በስድስት ዓመት አንድ ቀን አፏን ከፈተች። እንቢ ብንላት ሌላ ስድስት ዓመት ልትዘጋብን ነው። ይምጡላት! ብቻ ስሚኝ፣ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው። ሰው ካዛጋ መድረክ ላይ ወጥተሽ የምትጨፍሪው አንቺ ነሽ።"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ጸሐፊዋ ሐሳብ አቅርበዋል" ብዬ ጻፍኩ። ከተሳካ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛ መናገር እችላለሁ፤ ካልተሳካ እስከ ጡረታዬ ብዕር ይዤ እቀመጣለሁ። ይህ አንዱ ነው። ዋናው ግን ሌላ ነበር። በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ የወደድኩትን ነገር ሰው መሐል አቁሜ "ይህ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የወደድኩት" ማለት ፈልጌ ነበር። ምንም ይበሉ፣ ማለት ብቻ።

ባንዱ በቀኑ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ በሚኒባስ መጣ። አምስት ናቸው፤ አራት ወንዶችና ዘፋኟ። ሁሉም ጥቁር ካናቴራ ለብሰዋል፣ ቀጫጭኖች ናቸው፣ አስታመው ያወጧቸው ይመስላሉ። መሪው መድረኩ ላይ ተንበርክኮ በእግር የሚረገጡ ትንንሽ የብረት ሳጥኖችን እንደ ዶሚኖ ደረደረ። ከበሮ መቺው ዱላዎቹ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎባቸዋል። ዘፋኟ መነጽር ያደረገች ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ስታየኝ እንደ ዘመድ ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች። "በቴሌግራም ያን ሁሉ ገጽ የጻፉልን እርስዎ ነዎት? ስለ ሙዚቃችን እንደዚያ የጻፈልን ሰው የለም እኮ።" ምን እንደምል ጠፍቶኝ ሻይ ልዘዝላችሁ አልኳት።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ድምፃቸውን ሞከሩ። እዚያ ነበርኩ፤ አንድም ሳይቀራቸው፣ ገመድ በገመድ፣ ማይክ በማይክ ሞክረው ጨርሰው፣ መሪው "በቃ፣ ሙሉ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፈው አንባቢ በኋላ አላወቀችም ይሆናል ብሎ እንዳያዝንልኝ ነው።

አዳራሹ ጨለማ እንዲሆን ጠየቁ፤ የአዳራሹ ጠባቂ፣ ሁሉም "ኦቦ" የሚሉት ሽማግሌ፣ እያጉረመረመ መጋረጃዎቹን ዘጋ። "በቀን መብራት የሚጠላ ዘፋኝ ዛሬ አየሁ" አለኝ።

እኛ አገር ሙዚቃ እንዴት እንደሚጀመር የማያውቅ የለም። መጀመሪያ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ቴስት፣ ዋን፣ ቱ" የሚል ሰው አለ። አንድ ሰዓት ይላል፣ አንዳንዴ ሁለት። ሰዉ ብቅ ብሎ ያያል፣ "ገና ነው" ይላል፣ ወጥቶ ለስላሳ ይጠጣል፣ ይመለሳል። የክብር እንግዳው ባዶ ወንበርና የሚፈተሽ ማይክ ማየት ስለሌለበት ዲኑ ቢሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በመጨረሻ እሱ ይገባል፣ ሁሉም ይነሣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያ ዘፋኙ ዘሎ ይወጣና "አምቦ! አካም ጅርቱ! እንዴት ናችሁ!" ይላል። ሙዚቃ ተጀመረ የሚባለው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ሙከራ ነው።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለባንዱ ግን አንዱንም አልነገርኩም። የነገርኳቸው ስምንት ሰዓት ማለት ስምንት ሰዓት መሆኑን ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ አምስት መቶ ሰው በሚይዘው አዳራሽ ውስጥ ሰባ ሰማንያ እንሆናለን። ባንዱ ወጣ። ሰላም አላሉም፤ የከተማዋን ስም አልጠሩም። መሪው ጀርባውን ግማሽ ሰጥቶን ሳጥኑን በእግሩ ረገጠና ያ ነፋስ የመሰለ ድምፅ ቀስ ብሎ ገባ። አሁን ሁሉም ጸጥ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

ማንም ጸጥ አላለም።

"ያ ሽቦ ነው የተበላሸው" አለ ከኋላዬ አንድ ተማሪ።

"የቱ?"

"ይኸው እሱ፣ የሚያፏጨው። ቢነቅሉት ይተዋቸዋል።"

"ልጅቷስ ማይክ ይዛ ምን ታደርጋለች? ቃሉ ጠፋባት?"

"ተራዋ አልደረሰም። እሷ የምትሞክረው መጨረሻ ላይ ነው።"

ሬጅስትራር ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ የለውዝ ፌስታሏን ይዛ እያለከለከች መጣችና አጠገቤ ዘፍ አለች። "እልልል፣ ገና እየሞከሩ ነው! እኔኮ አመለጠኝ ብዬ ከታክሲ ወርጄ ስሮጥ ነው የመጣሁት።" ለውዝ በእፍኜ አስጨበጠችኝ። ሙከራ እንዳልሆነ ልነግራት ወደ እሷ ዞርኩ። አፏ ለውዝ ሞልቶ፣ ዓይኗ ወደ በሩ፣ ማን ምን ለብሶ እንደገባ እያየች ነበር። ዞር አልኩና ለውዙን በላሁ። የዚያን ቀን ጥፋቴ ከየት ይጀምራል ብባል ከዚህ ነው የምለው።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይዘውት የመጡትን የጭስ ማሽን ለኮሱት። ነጭ ጭስ ከመድረኩ እግር ተነሥቶ ወደ ፊት ወንበሮች ሲወርድ፣ ኦቦ ከበሩ "ሽቦ ተቃጠለ!" ብሎ እየጮኸ ገባና በአንድ ወገን ያሉትን መስኮቶች ከነመጋረጃቸው ብርግድ ብርግድ አደረጋቸው። የከሰዓት ፀሐይ ባንዱ ላይ ወደቀ። ሮጬ ሄጄ "ማሽን ነው፣ ሆን ብለው ነው" አልኩት።

"ሆን ብለው?" አለኝ። "ሰው ሆን ብሎ ያፍናል እንዴ አዴ? በያ፣ ሰዉ ይተንፍስ።"

አዳራሹ ሳቀ። መድረኩ ላይ ግን ማንም አላቆመም። በፀሐይ ብርሃን ካናቴራቸው ታጥቦ የደበዘዘ ጥቁር መሆኑ፣ የመሪው ጫማ ጎኑ የተቀደደ መሆኑ ይታይ ነበር። ዘፋኟ ዓይኗን ጨፍና ቀጠለች። እኔም ቦታዬ ተመልሼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሦስተኛ ያደረጉት በፍላሹ ላይ አምስተኛ የነበረውን ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ የሚወስድ ዘፈን ነው፤ ሴቷ የምትገባው ወደ መጨረሻው ላይ ሲሆን የምትለውም ሁለት መስመር ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት ምሳ ሰዓት ውስጥ ግማሹን የወሰደው እሱ ነው። በጆሮ ማዳመጫ የማውቀው ድምፅ አሁን በአግዳሚው እንጨት በኩል ጀርባዬ ውስጥ ገባ። ባሱ ወለሉን ሲያንቀሳቅሰው ጉልበቴ ላይ ያለው ቦርሳ ተንቀጠቀጠ። ከበሮ መቺው በእነዚያ ጨርቅ በተጠቀለሉ ዱላዎች ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ሩቅ አገር የሚዘንብን ዝናብ እያቀረበ መጣ። አጠገቤ ለውዝ ይቆረጠማል፣ ከኋላዬ ይሳቃል፤ ግድ አልነበረኝም። ለስድስት ሰባት ደቂቃ ያህል ዘግይቼ እንደተማርኩ፣ ዘግይቼ እንደኖርኩ ረሳሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ትከሻዬ ተነካ። ሰብሳቢው ነበር። ጎንበስ ብሏል፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይዟል፤ በስልኩ ወዲያ ማዶ ዲኑ ቢሮ የክብር እንግዳውን ይዘው የሚጠብቁት ነበሩ።

"አዴ" አለኝ፤ ሙዚቃውን ለማሸነፍ ጮክ ብሎ። "እንግዳው ሰለቻቸው። ይሄ ሙከራ ነው ወይስ ጀምረዋል?"

ጓደኛዬ መቆርጠሟን አቆመች። ተማሪዎቹ ጆሯቸውን ጣሉ። የስፖርት መምህሩ ከፊታችን ካለው ወንበር ክንዱን ደገፍ አድርጎ ዞረ፤ ፊቱ ላይ የሚስቅበት ነገር እየጠበቀ የነበረ ፈገግታ አለ።

"ጀምረዋል" ብል የሚሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየሁት። ያለ ክብር እንግዳ? በማን ፈቃድ? ከዚያ ደግሞ፣ ይህ ነው እንዴ ሙዚቃው? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሽቦ ተበላሸ ስንል የነበረው ይህ ነው አዴ ላይብረሪ የወደደችው? የስፖርት መምህሩ ሳቅ፣ ከዚያ የሁሉም ሳቅ፣ ከዚያ ሰኞ በየቢሮው የሚዞረው ሳቅ። ቃሏ ይህችው ነበረች፤ "ጀምረዋል።" አምስት ፊደል።

"ሙከራ ነው" አልኩ።

"እስካሁን?"

"እየጨረሱ ነው" አልኩት። ይህን ማንም አላስገደደኝም። ከራሴ የጨመርኩት ነው።

"ጎሽ" አለ ሰብሳቢው። ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ "ይምጡ፣ ይምጡ፣ ተጨርሷል!" እያለ ወደ መድረኩ ገሰገሰ። ደረጃውን ወጥቶ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘረጋ። በዚያች ቅጽበት ዘፋኟ ወደ ማይኩ ቀርባ፣ አየር ስባ፣ አፏን ልትከፍት ነበር። ማይኩን ከፊቷ በትሕትና ወሰደው። "እናመሰግናለን ልጆች! ድምፁ ጥሩ ነው፣ ይበቃል!" ከበሮው መጀመሪያ ቆመ። መሪው ሳይገባው ትንሽ ቀጠለ፤ አንድ ድምፅ ብቻውን አዳራሹ ውስጥ ቆየና እሱም ጠፋ። ሰዉ አጨበጨበ። ሙከራው ስላለቀ ነው ያጨበጨበው።

መሪው በዓይኑ ፈለገኝ። የማውቀው ጎንበስ ብዬ የቦርሳዬን ዚፕ እያስተካከልኩ ሳለ አናቴ ላይ ስለተሰማኝ ነው። ዚፑ ደህና ነበር።

የክብር እንግዳው ገቡ። ተነሣን። ውጭ ለስላሳ ሲጠጣ የነበረው ሕዝብ ተከትሎ ጎርፎ ገባ፤ አዳራሹ እስከ ደረጃው ሞላ። በአማርኛና በኦሮምኛ አርባ ደቂቃ ያህል ንግግር ተደረገ፤ አምስቱ ልጆች መሣሪያቸውን እንደታጠቁ በመድረኩ ጠርዝ ተሰልፈው ቆሙ። ከዚያ አስተዋዋቂው "አሁን በጉጉት የምትጠብቁት ሙዚቃ ይጀመራል!" አለ። አምስቱ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። የጀመሩትን ከመጀመሪያው ይደግሙታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እንዳይደግሙትም ጸለይኩ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ከበሮ መቺው ጨርቅ የተጠቀለለባቸውን ዱላዎች አስቀመጠና ራቁታቸውን የሆኑ ሌሎች አነሣ። ለካ ልጁ የሚተዳደረው ሠርግ እየመታ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የጭፈራ ምት ጀመረ፤ ሦስተኛው ምት ላይ አዳራሹ ተነሥቶ ነበር። ዘፋኟ መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተችና "አምቦ! አካም ጅርቱ!" አለች። ማን እንዳስጠናት እንጃ። ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ። ጎበዞች ነበሩ፤ ነገሩን የሚያመርረው ይህ ነው። በዚያ በማይወዱት ነገር ከሆቴሉ ባንድ አሥር እጥፍ ጎበዞች ነበሩ። የክብር እንግዳው ኮታቸውን አውልቀው መድረክ ወጡ። የስፖርት መምህሩ በወንበር ላይ ቆሞ ትከሻውን ሰበቀ። "ተነሺ እንጂ አንቺ ድንጋይ!" ብላ ጓደኛዬ ክንዴን ጎተተችኝ። ተነሣሁ። አጨበጨብኩ። ምቱንም አልሳትኩም።

መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ማይክ ይዞ "እነዚህን ጀግኖች ፈልጋ ያመጣችልንን ታውቋታላችሁ?" አለ። "አዴ ላይብረሪ! ነይ ውጪ!" ወጣሁ። በፍሬም የተቀመጠ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። አምስት መቶ ሰው ለኔ አጨበጨበ። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ በጅምላ ነው የተጨበጨበልን፤ ለብቻዬ ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ጣፈጠኝ። በዚያች ሰዓት እንደዚያ መጣፈጡ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር ነው።

ሰኞ ጧት ሰብሳቢው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሞ "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ጀግናዬ!" አለኝ። "ልጆችሽ አንደኛ ናቸው። ሙከራው ብቻ በዛ።" ከዚያ ወዲህ በኮሚቴው ቃሌ ይሰማል። "አዴ ትጠየቅ፣ እሷ ዓይን አላት" ይባላል። የምመርጠው ሁሉ ይጸድቃል። ሰዉ የሚወደውን ነው የምመርጠው።

ኮንሰርቱ ያለቀ ዕለት ግን ልጆቹ ገና አልሄዱም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ሚኒባሱ ላይ ዕቃ ሲጭኑ ልሰናበታቸው ሄድኩ። መሪው ገመድ እየጠቀለለ ነው፤ "እንግዲህ እትዬ፣ ደህና ይሁኑ" አለኝ ቀና ሳይል። ከበሮ መቺው ጥግ ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። ዘፋኟ መነጽሯን መልሳ አድርጋ ወደ እኔ መጣች።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን" አለችኝ።

"ምን አጠፋችሁና?"

"ያን ያህል ደክመውበት እኛ የሠርግ ዘፈን ዘፍነን ሄድን። ምን እናድርግ፣ ያ ሰውዬ ሙከራ መሰለው። ማን እንዳሳሳተው እንጃ።"

"እንጃ" አልኩ።

"እርስዎን ግን ከላይ አየሁዎት። ከዚያ ሁሉ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ለሌሎቹ አልኳቸው፤ አንድ ሰው ከሰማን መጥተናል አልኳቸው።" እጄን ያዘች። "የሦስተኛውን መጨረሻ ለእርስዎ ብዬ ልዘፍነው ነበር፤ ነጠቁኝ። ሁለት መስመር ናት። እዚሁ ልበልልዎት? ጊታርም አያስፈልጋት።"

ግቢው ባዶ እየሆነ ነበር። ከአዳራሹ ኦቦ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ሲዘጋ ይሰማል። እሷ እንደ ቅድሙ ወደ እኔ ተጠግታ አየር ሳበች። ሰው የለም፤ የሚስቅ የለም፤ ከእኛ በቀር ማንም አይሰማም። ቢሆንም ያችን ድምፅ ፊት ለፊት ቆሜ የምሰማበት ፊት አልነበረኝም።

"አይ፣ ተይው" አልኳት። "መንገዱ ይመሽባችኋል። ሂዱ።"

ይሉኝታ መሰላት። እየሳቀች ጉንጬን ሳመችኝና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።